ጉማሬው የአክስቴን ጎመን በላ፤ ሽቦ ይዘርጋ ወይስ ይቅር?

ደንገል ሰፈር (ክር ከፋች) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ይቅርታ።

አክስቴ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ ሐይቁ ዳር አትክልት ታለማለች። ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ጥግ ላይ ትንሽ በቆሎ። መሬቱ ባህር ሸሽ ነው። ለማታውቁት፣ በበጋ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጥ መሬት ማለት ነው። ጭቃው የሰባ ስለሆነ የዘሩበትን ሁሉ ያበቅላል። ሐሙስ ሌሊት ጉማሬ ወጣ። ጠዋት ስንደርስ ሦስት መደብ ጎመን የለም። ከበላው ደግሞ የረገጠው ይበልጣል። ዱካው የወጥ ሰሃን ያህላል።

አክስቴ አልጮኸችም። ዱካውን ዞር ዞር ብላ አየችና «እናት ናት፤ ትንሽ ዱካ አብሮ አለ» አለች። ጎረቤቷ ግን ጦፏል። የእሱም ሽንኩርት ባለፈው ወር ተበልቷል። ከቤቱ መስመር ስቦ ማታ ማታ ኤሌክትሪክ የያዘ ሽቦ በማሳው ዙሪያ ሊዘረጋ ነው። አክስቴንም «የሽቦውን ግማሽ አንቺ ግዢ» ብሏታል። እሷ ደግሞ እኔን ጠየቀችኝ። ስልክ የያዘ ሁሉ አዋቂ ይመስላታል።

እኔ ጉማሬ እያየሁ ነው ያደግሁት። ልጅ ሳለን ማታ ማታ ሲያጓራ እየሰማን ነበር የምንተኛው። ተገድሎ ማየት አልፈልግም። ግን ሦስት መደብ ጎመን ለእሷ የልጆች ደብተር ነው። ምን ልበላት?

አርጃኖ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:58

ሽቦውን በጭራሽ እንዳትስማማ በላት። መጀመሪያ የሚሞተው ጉማሬው አይደለም። ማልዶ ዓሣ ሊያይ የሚወርድ ልጅ ነው፣ ወይ የሰው ላም፣ ወይ ሽቦውን ማጥፋት የረሳው ራሱ ጎረቤትየው። እርጥብ መሬት ላይ የተዘረጋ መብራት ወዳጅና ጠላት አይለይም።

ደግሞ ነገሩ ወንጀል ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999ን ፈልጉና አንብቡ። ጎመኔን በላብኝ ብሎ ገድሎ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም።

ጉማሬ አይዘልም። ይህን ያዙልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ቀን ሠራተኛ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

የአዋጅ ቁጥር ወጥ አይሆንም ወንድሜ። ሁሌ እንዲህ ነው። አውሬ ሰው ሲጎዳ «ተፈጥሮ ነው» ይባላል፤ ሰው ሲከላከል አዋጅ ይጠቀሳል። ለጉማሬው የተቆረቆረው ሁሉ አንድ አንድ እግር ጎመን ቢያዋጣ ሴትዮዋ ትካስ ነበር። አላዋጣችሁም፣ አታዋጡምም።

ግደሉት አላልኩም። ግን መጀመሪያ ሰው ይብላ።

አባ ታንኳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ልጄ ደንገል ሰፈር፣ አክስትህን ሰላም በልልኝ። ቦታውን ሳላውቀው አልቀርም። አሁን ጎመን ያለበትን እኔ ደንገል (ታንኳ የሚሠራበት ረጅም የውሃ ዳር ተክል) ሆኖ ነው የማውቀው። ሰው ቢገባበት አቅጣጫ ይጠፋው ነበር። ውስጥ ለውስጥ ግን የጉማሬ መንገድ ነበረው፣ ልክ እንደ ዋሻ። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ በዚያ ዋሻ ወጥቶ ሜዳው ላይ ሣር ሲግጥ ያድራል፤ ጎህ ሳይቀድ በዚያው ይመለሳል። ደንገሉ ተመንጥሮ ጎመን ተተከለበት። መንገዱ ግን ያው የድሮው ነው። እናቲቱም ከእናቷ የተማረችውን መንገድ ነው የምትሄደው።

ድሮ ማንም አይነካውም ነበር ማለቴ አይደለም። የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን በጦር ያድኑት ነበር። ሥጋው ይበላል፣ ከቆዳው አለንጋ ይወጣል። አለንጋውንስ «ጉማሬ» አይደል የምንለው? አደኑ ቀርቶ ዘመን ሆነው። ታንኳው ግን አለ። እኔም ከእነሱው ነው አሠራሩን የተማርኩት። ታንኳ እድሜዋ አጭር ነው። ውሃ እየጠጣች ትከብድና በወራት ውስጥ ሌላ መሥራት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ደንገል ሲርቅ መጀመሪያ የምናውቀው እኛ ነን። ያኔ ከደጄ አጭድ ነበር። አሁን ለአንድ ታንኳ የሚሆን ለመሰብሰብ ግማሽ ቀን እቀዝፋለሁ።

ውሃ ልክ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

አባ ታንኳ ዋናውን ነገር ተናግረው ጨረሱት። ሥራዬ ከውሃ ጋር ስለሆነ ትንሽ ልጨምር። ይረዝማል፤ ሻይ ያዙ።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ትልቅ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ አስቡ። ትሪው ትንሽ ሲጎድል ከጠርዙ ብዙ ይገለጣል። በፎገራ በኩል ሜዳው ዝርግ ስለሆነ ውሃው በቁመት ትንሽ ሲወርድ በርቀት እጅግ ይሸሻል። ባህር ሸሽ የሚባለው እንዲህ ነው የሚፈጠረው።

ድሮ ይህን የሚወስነው ሰማዩ ነበር። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት ይሞሉታል፤ መስከረም ላይ ጢም ይላል፤ ከዚያ እስከ ሰኔ ቀስ እያለ ይወርዳል። ደንገሉም፣ ዓሣውም፣ ጉማሬውም በዚህ መውጣትና መውረድ ነው የኖሩት። በ1988 ዓ.ም. መውጫው ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በኋላም በሮች ተጨመሩለት። ከዚያ ወዲህ ጣና ሐይቅም ነው፣ የግድብ ውሃም ነው። ከፍታውን ዝናብ ብቻ ሳይሆን የመብራት ፍላጎትም ይወስነዋል።

በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዝናቡ አንሶ ነበር፤ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ውሃ ሲለቀቅ ከርሟል። ሐይቁ በጣም ወረደ። መርከቦች ቆሙ። ደንገሉ ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። ደረቅ ላይ የቀረ ደንገል ከብት ይበላዋል፣ እሳት ይበላዋል፣ ከዚያ ማረሻ ይገባበታል። ውሃው ሲመለስ ደንገሉ አልተመለሰም። ግንቦት 2002 ላይ ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ። 460 ሜጋ ዋት ነው፤ ውሃውን የሚወስደው በምዕራብ በኩል በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ነው። መብራቱን ሁላችንም እንፈልጋለን። ይህን የምጽፍበት ስልክም በእሱ ሳይሞላ አልቀረም። ግን ለሐይቁ ዳር ስንት ውሃ ይቅር የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚነሣው።

ደንገል ደግሞ እንዲሁ የቆመ ሣር አይደለም። ወንዞቹ ያመጡትን ደለልና የማሳ ማዳበሪያ ያጠላል። የዓሣ ጫጩት ይደብቃል። ወፍ ይፈለፈልበታል። ጉማሬው ደግሞ ሌሊት የጋጠውን ሣር ቀን ውሃ ውስጥ ይጥለዋል፤ ያንን ጥቃቅኑ ይበላዋል፣ ጥቃቅኑን ዓሣ ይበላዋል። የአክስትህ ማሳ ያለው እዚያ መሃል ነው። ጥፋተኛ ናት አላልኩም። መሬት የላትም፤ ውሃው ሲሸሽላት ገባች። ማን አይገባም?

ደንገል ሰፈር (ክር ከፋች) | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15

አመሰግናለሁ፣ ግን ግራ ገባኝ። እኔ ሐይቁን የገደለው እምቦጭ ነው ብዬ ነበር የማስበው። በጥቅምት 2013ቱ ዘመቻ ሄጄ ነቅያለሁ። እግሬ ለሳምንት አሳክኮኛል። አሁን ችግሩ ደንገል ነው፣ በር ነው፣ ስትሉ ያ ሁሉ ልፋት ምን ነበር?

ውሃ ልክ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:50

ልፋትህ ከንቱ አልነበረም። እምቦጭ ውሃው ላይ ተነጥፎ ብርሃንና አየር ይከለክላል፤ ታንኳ አያሳልፍም። መነቀል አለበት። ግን ከየት ተነሥቶ እንዲህ ተስፋፋ በል። የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። እዚህ የታወቀው በ2003 እና 2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ የጀመረውም በሰሜን በኩል፣ ከመገጭ መግቢያ ግድም። ወንዙ የማዳበሪያ እጣቢና ደለል ይዞለት ይመጣል። ከእኛ ከተማ በኩል ደግሞ ያልተጣራ ፍሳሽ ይወርዳል። ይህን የሚያጣራው የዳሩ ደንገል ሲሳሳ ለእምቦጭ ድግስ ተደገሰ።

ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ፀሐይ ያገኛል፣ ዘሩ ይነቃል። ስለዚህ ነው ነቅለን ጨረስን ባልን በዓመቱ እንዳዲስ የምናየው።

መረብ የሰቀለ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:30

ሁሌ ጉማሬና እምቦጭ። ስለ ዓሣ የሚያነሣ የለም፤ ዓሣ ስለማያጓራ መሰለኝ።

እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ዓሣ አጥምጃለሁ። አሁን ትቻለሁ። እንዴት እንደተውኩ ልንገራችሁ።

ጣና ላይ ቀረሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ነጭ ዓሣ የምንለው አለ። ነጭ ዓሣው አንድ አይደለም። ምሁራኑ ከ15 ያላነሱ ዓይነቶች ይቆጥሩለታል፤ ከጣና ሌላ የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ስለሆነ ከታች ምንም ዓሣ መውጣት አይችልም። እዚህ ላይኛው ቤት ብቻቸውን ቀርተው፣ አንዱ አፉ ወደ ታች ዞረ፣ አንዱ ከንፈሩ ወፈረ፣ አንዱ ዓሣ በል ሆነ። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ግን ዓሣ ይበላል! እኛ በአፋቸው ነበር የምንለያቸው። ፈረንጆቹ ሊያጠኑ ሲመጡ «ይሄ እኮ ሌላ ነው» ብለን ያሳየናቸው ጊዜ አለ።

ብዙዎቹ ዓይነቶች የሚወልዱት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምት ሲገባ ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ። ከዚያ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠር ያለበት፣ ውሃው የጠራ ትንንሽ ጅረት ፈልገው እንቁላል ይጥላሉ። እኛም ይህን እናውቃለን። ስለዚህ ነሐሴና መስከረም ወንዝ አፍ ላይ መረብ እንዘጋለን። ሩቅ መሄድ የለ፣ ነዳጅ የለ፣ ራሳቸው ይመጡልሃል። አንድ ሌሊት ታንኳው ሊሰምጥ እስኪደርስ ሞላን። ጠዋት ሆዳቸውን ስንቀድ እንቁላል፣ እንቁላል፣ እንቁላል። ጓደኛዬ ሳቀ። እኔ የዚያን ቀን ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ምግብ አልዋጥልህ አለኝ። ለሁለት ዓመት ያህል ግን ከዚያም በኋላ ዘግቻለሁ። እዋሻለሁ እንዴ?

በ1978 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሳይገባ በፊት በታንኳ ከዳር ነበር የሚጠመደው። ከዚያ ሁሉም መሃል ገባ። አጥኚዎቹ በፈረንጅ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ነጭ ዓሣው በመረብ የሚገኘው መጠን በሦስት አራተኛ ቀነሰ ብለው ጽፈዋል። እኔን ጠይቀውኝ ቢሆን ያለ ጥናት እነግራቸው ነበር። አሁን ደግሞ ከሱዳን በኩል የሚገባ ቀጭን የላስቲክ ክር መረብ አለ። ውሃ ውስጥ አይታይም፤ ርካሽ ነው፤ ሲበጠስ እዚያው ይቀርና ማንም ሳያነሣው ሲገድል ይኖራል። ላይ ወንዙ ዘንድ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚጨምር አለ፤ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ትልቅ ትንሹ አብሮ ያልቃል። የዓሣ ሀብት አዋጅ ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው? መስከረም ላይ ወንዝ አፍ ሂዱና እዩ።

ስለዚህ ለጉማሬው የምታለቅሱ፣ ትንሽ እንባ ለዓሣውም አስቀሩ።

የጀልባ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:40

ኧረ መረብ የሰቀለ፣ አንጀት በላህ።

ከጀልባ በኩል አንድ ነገር ልናዘዝ። ጎብኚ ሁለት ነገር ነው የሚጠይቀን፦ ገዳማቱንና ጉማሬውን። ገዳም አይንቀሳቀስም። ጉማሬው ግን ካልታየ ፊታቸው ይቀየራል። እናም አንዳንዶቻችን ሞተር እያስጮህን እስኪወጣ እናባርረዋለን። ከጀልባ ሸሽቶ የሚገባው የት መሰላችሁ? ዳር ነው። ዳር ላይ ደግሞ ጎመን። ሞተር አጥፍቶ ራቅ ብሎ መጠበቅ ይሻላል። ጆሮውንና አፍንጫውን ያወጣል፣ «ፉፍ» ይላል፣ ይበቃል። ጎብኚ በቀነሰባቸው በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ካሉን ጥቂት እንግዶች ጋር መቸኮል ምን ያደርጋል።

«አዞ አለ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጣና ላይ አዞ የለም እላለሁ። ከፏፏቴው በታች በዓባይ ሸለቆ ሞልቷል። ጓደኛዬ ግን «አለ፣ ትናንት አይቻለሁ» ይልና ጉርሻ ይቀበላል። አርጃኖ አይቶ ነው። (ወንድማችን አርጃኖ፣ አንተን አላልኩም።)

ቋራ በረሃ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ርዕስ ካጣመምኩ ይቅርታ። እኔ ያለሁት ከጣና ምዕራብ፣ ቆላው ውስጥ ነው። እናንተ ውሃ ሸሸ ትላላችሁ፤ እኛ ዘንድ ወንዙ ራሱ ይጠፋል።

ዲንደርና ራሃድ ከእናንተው ደጋ ጀርባ ተነሥተው በእኛ በኩል ወደ ሱዳን ይወርዳሉ። በክረምት ቀይ ጎርፍ ናቸው። ኅዳር ካለፈ አሸዋ ይሆናሉ። የሚቀረው ወንዙ ድሮ ሲጠማዘዝ የተወው ቆልማማ ኩሬ ነው፤ ሱዳኖቹ «ማያ» ይሉታል። የበረሃው አውሬ ሁሉ በጋውን የሚያልፈው በእነዚያ ኩሬዎች ዙሪያ ነው። ሱዳን የዲንደርን ፓርክ በፈረንጅ 1935 ነው የከለለችው። በእኛ በኩል አልጣሽ ፓርክ የተቋቋመው በ1998 ዓ.ም. ነው። በ2008 ዓ.ም. በአልጣሽ አንበሳ መኖሩ በካሜራ ሲረጋገጥ ዓለም ተደነቀ። የእኛ ሽማግሌዎች ግን ሳቁ፤ ሌሊት ሲያገሳ እየሰሙ ነው ያረጁት።

ለማለት የፈለግሁት፣ ኩሬው እንዲሞላ ጎርፉ በክረምት ከወንዙ ወጥቶ መጥለቅለቅ አለበት። ላይ ደጋው ላይ ዛፍ ሲያልቅ ጎርፉ ደለል ይዞ ይመጣና ኩሬውን ይደፍነዋል። ከዚያ ጎሹ ውሃ ፍለጋ ወደ ሰው ይመጣል። ሰውም ይገድለዋል። ከአክስትህ ጎመን ጋር አንድ ታሪክ ነው፤ የእኛ አቧራ አለበት እንጂ።

ሁለት ዓመት አስዋን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ቋራ በረሃ ካጣመመው እኔም ላጥምመው። በሥራ ምክንያት አስዋን ኖሬያለሁ። ወንዙ ዳር ቆመህ አረንጓዴው የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ አሸዋ ብቻ። ያ ውሃ ከዚህ ከእኛ ደጅ ነው የሄደው ብዬ ሳስብ ሆዴ ይባባ ነበር።

ሙዚየም ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ የሸክላ ጉማሬ አሳዩኝ። ጎኗ ላይ የውሃ አበባ ተስሎባታል፤ እረግረግ ውስጥ እንዳለች ማለት ነው። የጥንት ግብጻውያን ሲቀርጿት ደጃቸው ላይ እያዩዋት ነበር። ዛሬ ግብጽ ውስጥ በዱር ጉማሬ የለም። ከጠፋ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሆነው። እረግረጉ ታርሶ አለቀ፣ እሷም አለቀች። አስጎብኚው ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ «እናንተ ዘንድ አሁንም አለ?» አለኝ። አዎ፣ ጎመን ይበላል አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከአስዋኑ ከፍተኛ ግድብ ጀርባ ያለው ሐይቅ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሱዳን ያለውን ጨምሮ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በበረሃ መሃል ይረዝማል። ከግድቡ በታች የጠፋው አዞ እዚያ ረብቷል። የስደት ወፎችም ያርፉበታል። ሰው የሠራው ውሃ ለአውሬ መጠጊያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዳሩ ግን አሁንም አሁንም ስለሚወጣና ስለሚወርድ ብዙው ራቁቱን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የእኛ ሕዳሴ ሲመረቅ ሁላችንም ጨፍረናል፣ እኔም ጨፍሬአለሁ። የንጋት ሐይቅ ዳር ምን ይብቀልበት፣ ማን ይረስበት የሚለውን ግን ጣና ላይ የሆነውን ካየን በኋላ ከአሁኑ ብናስብ አይከፋም።

ቀን ሠራተኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:55

ግብጽ ደረሳችሁ። ሴትዮዋ አሁንም ጎመን የላትም።

የዘጌ ቡና | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:10

😄 ቀን ሠራተኛ እውነቱን ነው።

እኔ ከዘጌ ነኝ። እኛ ዘንድ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። አዲስ ሕግ እንዳይመስላችሁ፤ ከአቡነ በትረ ማርያም ጊዜ ጀምሮ የመጣ ቃል ነው። ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይበቃችኋል፣ አትረሱ ተብለናል። ስለዚህ ደኑ እስከ ውሃው ድረስ ወርዶ ቆሟል። ከጀልባ ስታዩት ያ አረንጓዴ ግድግዳ ለዚያ ነው። ጦጣው ያስቸግራል፣ አይካድም። ግን ዳሩ አልታረሰም፣ አፈሩም ወደ ሐይቁ አይወርድም።

ሁሉም ቦታ ዘጌ ይሁን አልልም። ቡናም እንደ ድሮው አይደለም፤ ለማገዶ የሚቆርጥም አለ። ደግሞ ገደቡ የቆየው ሰው ከዛፉ ሥር የሚበላው ነገር ስላለው ነው። አክስትህ ከደንገል የምታገኘው ነገር ቢኖር እሷም ትጠብቀው ነበር።

ቀን ሠራተኛ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:35

እሱን አምጡ። ጣና በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ገብቷል አይደል? እሰይ። ሰርተፊኬቱ ላይ ጎመን የተበላበት ሰው የሚካስበት መስመር አለ?

ውሃ ልክ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:00

እኔ እስካሁን ካሳ ተቀበልኩ የሚል ገበሬ አላጋጠመኝም። እዚህ ላይ ልክ ነህ። ባዮስፌር ማለት ሰው ይውጣ ማለት አይደለም፤ መሃሉ ይጠበቃል፣ ዙሪያው በጥንቃቄ ይለማል ነው ሐሳቡ። ግን ወረቀቱ ላይ የተሠመረው መስመር ባህር ሸሹ ላይ አይታይም። ውሃው ሲሸሽ ማን ቀድሞ ጠመደ የሚለው ነው መስመሩ። በፎገራ ሸሸርና ወላላን ሄዳችሁ ብታዩ ይገባችኋል። ከአውሮፓ የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ወፎች በበጋ የሚያርፉባቸው እረግረጎች ነበሩ። ሩዝና ሞተር ገባ፤ ውሃው ተስቦ በበጋ የሚቀረው ትንሽ ነው። ገበሬውም ሩዙን አግኝቷል፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም።

አርጃኖ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:20

ተመለስኩ። ወደ ጎመኑ።

ጉማሬ ክብደቱ እንጂ እግሩ አጭር ነው። ጉድጓድ ሲያይ ይቆማል። በማሳው በውሃው በኩል ቦይ ቆፍሩ፤ ወርዱ አንድ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም እንደዚያው፣ በጎመኑ በኩል ያለው ግድግዳ ቀጥ ያለ ይሁን። የወጣውን አፈር በጎመኑ በኩል ከምሩት። ለስላሳ ጭቃ ስለሆነ በየሳምንቱ መጥረግ ይፈልጋል፤ ካልተጠረገ በሁለት ዝናብ ይሞላል።

መንገዷን ግን ሙሉ በሙሉ እንዳትዘጉባት። አባ ታንኳ እንዳሉት የእናቷ መንገድ ነው። በማሳው ጎን አንድ ሁለት ሜትር ሣር ያለበት ክፍት ቦታ ተዉላት፤ በዚያ ትሂድ። ልጅ ስላላት ማታ ማንም ችቦ ይዞ አይጠጋት። በእሷና በውሃው መሃል ደግሞ በጭራሽ ማንም አይቁም። ጉማሬ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መግቢያዋን የዘጉባት ሲመስላት ነው።

የጀልባ ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:45

አንድ ጥያቄ። አክስቱ ቦይ ከቆፈረች ጉማሬዋ የጎረቤትየውን ሽንኩርት አትበላም?

አርጃኖ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:52

ትበላለች።

ደንገል ሰፈር (ክር ከፋች) | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:30

ሰላም። አራት ቀን ጠፋሁ፣ ስቆፍር ነበር። መዳፌ ተላልጧል፤ ይህን የምጽፈው በአንድ ጣት ነው።

ለአክስቴ ሁሉንም አነበብኩላት። የአባ ታንኳን ስትሰማ «ልክ ነው፣ እዚህ ጋ ደንገል ነበር፤ እናቴ ከዚህ አጭዳ መሶብ ሰፍታለች» አለች። የመረብ የሰቀለን ስትሰማ ዝም አለች። የግብጽን ስትሰማ «ጉማሬ የሌለበት ዓባይ ምን ዓባይ ነው» ብላ ወጥ ልታማስል ገባች።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ እኔና ሁለት የአክስቴ ልጆች ቆፈርን። የማሳው ርዝመት 22 እርምጃ ነው። በውሃው በኩል ያለውን የመጨረሻ መደብ ልትተወው ተስማማች፤ ደንገሉ ራሱ ይምጣ ብለን አልተከልንም። አባ ታንኳ በውስጥ መስመር ከሥሩ የተነቀለ ደንገል አመጣለሁ ብለውኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

ጎረቤትየው ሲያየን ነበር። «ለአውሬ ቦይ ስትቆፍሩ ከረማችሁ» አለ። ሽቦውን ገዝቶ ጥቅሉ ደጁ ላይ ተቀምጧል። አክስቴ ስለ ሽቦው አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ቡና ጠርታው ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራች።

ትናንት ሌሊት መጣች። እኔ አልሰማሁም፤ አክስቴ ሰምታለች። ጠዋት ሄደን ዱካውን አየን። ቦዩ ጋ ደርሳለች፤ ቆማለች፤ አፈሩ ላይ አፍንጫዋን ያሳረፈችበት ቦታ እንኳ ይታያል። ትንሹ ዱካ ከጎኗ አለ። ከዚያ ዞረው በሣሩ በኩል ሄደዋል። ጎመኑ አልተነካም። የጎረቤትየው ሽንኩርት አንድ መደብ ተበልቷል።

ከአንድ ሰዓት በፊት መጣ። ሰላም አለን። ቦዩን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ለካ፣ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ አክስቴን ዶማና አካፋ አውሺኝ አላት።